አርባ ሜትር ሸራ

በዝቅታ ከተማ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» አይባባልም። «ስንት አደረ?» ነው የሚባለው። የሚጠየቀው ስለ ባህሩ ሙቀት ነው። አንዱ «ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት» ሲል ሌላው «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከደጋ አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። አንድ ሐምሌ እዚህ ካሳለፈ በኋላ ግን እሱም ፊቱን ሳይታጠብ ሬዲዮ የሚከፍት ይሆናል።

እኔ ቁጥሩን ከሬዲዮ መስማት አያስፈልገኝም። ትርንጎ አስፋቸው እባላለሁ፣ የምሥራቅ በር እድር ቀለም መዝጋቢ ነኝ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የላስቲክ ጫማዬን አጥልቄ በብረት ደረጃው ወደ ባህሩ እወርዳለሁ። ውኃው ወገቤ ድረስ ይደርሳል። አንገቴ ላይ ስድስት ቀለም ያለበት የፕላስቲክ ካርድ ይንጠለጠላል፤ ስድስተኛው እንደ ተቆላ ተልባ ጠይም ነው፣ እየሳሳ ሄዶ አንደኛው ወተት ይመስላል። ቁጥር የተጻፈባቸው ሃያ ቦታዎች አሉኝ። በእያንዳንዱ ቦታ ካርዱን ኮራሉ አጠገብ አስጠግቼ የትኛውን ቀለም እንደሚመስል አያለሁ። አምስት ከሆነ ደግ ነው። አራት ከሆነ ለእድሩ ጸሐፊ እነግራለሁ። ሦስት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰፈራችን ከባህሩ በሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። በመካከላችን ያለው ግንቡ ነው። ከኋላው የድንጋይ ካብ፣ ከፊቱ ኮራል። ማዕበሉን የሚሰብረው ኮራሉ ነው፤ የካቡን ቀዳዳ የሚደፍነውም እሱ ነው። ባህሩ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኮራሉም በየዓመቱ ትንሽ ያድጋል። በዚህ ሽቅድምድም ላይ ሦስት መቶ ቤት ተኝቶ ያድራል። ሠላሳ አንድ እድሮች ግንቡን ተካፍለን እንጠብቃለን፣ የኛ ድርሻ ሁለት መቶ ሜትር ነው።

አባዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ለእንግዳ ሰው ነገሩን የሚያስረዳበት መንገድ ነበረው። «ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ እንስሳ ነው» ይላል። «ሰውነቱ ውስጥ ደባል ያኖራል። ደባሉ አልጌ ነው፣ በዓይን አይታይም። ኮራሉ ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ደባሉ ደግሞ ከፀሐይ ስኳር እየሠራ ያበላዋል። ይህ የምታየው ቀለም ሁሉ የደባሉ ነው። ታዲያ ሙቀት ሲበዛ ደባሉ ጠባዩ ይለወጣል። መጀመሪያ ስኳሩን ለራሱ ማስቀረት ይጀምራል። ቀጥሎ መርዝ ያወጣል። ኮራሉ ነፍሱን ለማዳን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ቤቱም ነጭ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ኮራሉ ያለ ምግብ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ መጠበቅ ነው።» ይህን የሰማ እንግዳ ሁሉ አንድ ጊዜ አብሮት የኖረ ደባል ትዝ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል።

እኔን ደግሞ ያሾፍብኝ ነበር። «የራስሽን ባል ፈትተሽ የኮራልና የአልጌን ትዳር ትጠብቂያለሽ» ይለኛል፣ ካርዴን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ። እኔም «እነዚህ ቢያንስ ቀለማቸው ይታወቃል» እለዋለሁ። ይህን ቀልድ ከመቶ ጊዜ በላይ ተቀላልደነዋል፣ ሁለታችንም አልሰለቸንም።

ሸራውን ያመጣው እሱ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባህሩ መጀመሪያ በጋለበት ሐምሌ፣ የእድራችንን የለቅሶ ድንኳን ከመጋዘን አውጥቶ ኮራሉ ላይ ዘረጋው። «ባህሩን ማቀዝቀዝ አንችልም፣ ፀሐዩን ግን መከለል እንችላለን» አለ። ሌሎቹ እድሮች «የምሥራቅ በሮች ለድንጋይ ድንኳን ጣሉ» ብለው ሳቁብን። በዚያ ክረምት ቀለሙን ሳይለቅ የቀረው የኛ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። በዓመቱ ሁሉም ድንኳኑን ይዞ ወደ ባህር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሸራችን ሁለት ሥራ አለው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ለቅሶ ላይ ይተከላል፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባህሩ ላይ ይዘረጋል። በሙቀቱ ወራት የሞተ ሰው አንዲት ላስቲክ በደጁ ይወጠርለታል፤ ሰው ከሥሯ ጥቂት ተቀምጦ ያጽናናና ይሄዳል። ማንም አይቀየምም። ደንባችን ላይ ግን አልተጻፈም፤ ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አባዬ የታመመ ጊዜ አልጋውን ግንቡ በሚታይበት መስኮት በኩል አዞርኩለት። ማክሰኞ ጠዋት ከባህር ስመለስ ነቅቶ ጠበቀኝ።

«ስንት አደረ?»

«ሠላሳ ሁለት ነጥብ አንድ።»

«ቀለሙስ?»

«አምስት ነው አባዬ። ሁሉም አምስት።»

በመስኮቱ ወደ ግንቡ አየ። ሠላሳ ሁለት ነጥብ አምስት ከደረሰ ኮራሉ ምን እንደሚሆን ከኔ የተሻለ ያውቃል።

«እኔ ይህን ሐምሌ አላልፈውም» አለኝ።

«ደግሞ ጀመርክ።»

«ስሚኝ። ሰዉ ይወደኛል፣ ችግሩም እሱ ነው። ስሞት ሸራውን ሊያነሱልኝ ይመጣሉ። እንዳይነሳ። አንዲት ክንድ እንዳይነሳ። ቃሉ ነው በያቸው።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። በያቸው።»

«እላቸዋለሁ አባዬ» አልኩት። ክፍሉ ውስጥ ከኔና ከሱ በቀር ሰው አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ከግንቡ ስመለስ አርፎ አገኘሁት። ባህሩ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ሦስት ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ሰፈሩን ዞረ። አራት ሰዓት ሳይሆን የእድሩ ሰዎች ቤቴ ገቡ። ከፊት የነበረው ጸሐፊያችን አቶ ደመላሽ ነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ከኋላው የሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘነበች ዓይናቸው እስኪያብጥ አልቅሰው ተቀምጠዋል። አባዬ ባለቤታቸውንም ሁለት ልጆቻቸውንም የቀበረላቸው ሰው ነበር።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ትርንጎ» አለ አቶ ደመላሽ። «እንግዲህ የመጣንበትን ልንገርሽ። የጋሽ አስፋቸውን ለቅሶ በላስቲክ ሥር አናደርገውም። ሕዝቡም አይችልልንም። ከሁለት መቶው አርባ ሜትር፣ ከመሐሉ፣ ብናነሳ ብለን ተነጋግረናል። ሦስት ቀን ብቻ ነው። ግን ቀለሙን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይቻላል ካልሽ ይነሳል፣ አይቻልም ካልሽ ይቀራል።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ስንቱን በድንኳን የሸኙ ሰው! ሬሳቸው ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ልጄ?» አሉኝ።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አባዬ እንዳይነሳ ብሏል ማለት ብቻ ነው፤ ከሦስት ቃል አይበልጥም። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ ደግሞ የሚሉኝን እየሰማሁ ነበር፤ አባቷ ሞቶ ድንኳን የከለከለች፣ ከአባቷ ለቅሶ ኮራሏን ያስበለጠች፣ ብሎኛል ብላ የሞተ ሰው ላይ የምታመካኝ። ምስክር የለኝም። አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፣ እንደዚያን ቀን የሰው አፍ የፈራሁበት ጊዜ ግን የለም።

«ሦስት ቀን ከሆነ ምንም አይሆንም» አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ያልኩት እኔ ነኝ።

የሰሜኑን ክፍል ቀለም የሚመዘግበው ሁመድ ነው። እዚሁ ቆላው ውስጥ የተወለደ አፋር ነው፣ ባህሩ ሳይገባ በፊት አያቶቹ እዚያ ቦታ ላይ ግመል ይነዱ እንደነበር ያወራል። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ የሁለታችን ክፍል በሚዋሰንበት ምሰሶ ላይ ተገናኝተን ቁጥር ተለዋውጠናል። ሸራው ሲነሳ አይቶ ወደ ቤት መጣ።

«አነሱት?» አለኝ።

«ለሦስት ቀን ነው።»

«አንቺ ለቅሶሽ ላይ ተቀመጪ» አለ። «ያንቺን ክፍል እኔ አይልሻለሁ።»

ተቀበረ። ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ፣ አራት መቶ ሰው ከሥሩ ተቀመጠ። ከሸራው ሥር ነፋሻ ነበር። ሰዎች ከፀሐይ ገብተው እፎይ ሲሉ አያለሁ፣ ጀርባቸውን ሲያስደግፉ፣ መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ። ያ ጥላ ከማን ላይ ተገፎ እንደመጣ አውቅ ነበር። ፍራሼ ላይ ኩርምት ብዬ ኮራሉን ብቻ አስባለሁ፣ ሰዉ ለአባቷ ነው የምታለቅሰው ይላል።

ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ሐዘንተኛንም «ስንት አደረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ነውር ነው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ቁጥሩን የማላውቅ ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። የሚገባውን ሰው ሁሉ ግንባሩን አያለሁ፣ ላቡን ልገምት። ቅዳሜ ሰዎቹ ከወትሮው በላይ ያላባቸው መሰለኝ። እሑድ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተደገፉ፣ ውኃ ተሰጣቸው። አንድ ጊዜ ተነስቼ ልወርድ ስል ሴቶቹ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ሐዘንተኛ የት ትሄዳለች?» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

የደጋ ዘመዶቻችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦባቸው ሁለት ቀን ወንዝ ዳር አድረዋል። ጫማቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ የኛ ሰፈር ልጆች ጭቃውን ሊያዩ ተሰበሰቡ። አቶ ደመላሽ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሰው ገና ከመኪና ሳይወርድ ድንኳን አይነቀልም። እስከ ሰባት ቀን እናቆየው?» አለኝ። በእሺታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አሁንም አፌን አልከፈትኩም።

ሰኞ ሁመድ ለማጽናናት መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ በገዛ ቋንቋው ጸለየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደስ ይበልሽ፣ ቀለሙ አምስት ነው። እንዲያውም ሸራው የተነሳበት ቦታ ወደ ስድስት ጠቁሯል» አለኝ።

አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈስኩ። ከዚያ አባዬ ለእንግዳ ያስረዳ የነበረው ትዝ አለኝ። ደባል ስኳሩን ለራሱ ማስቀረት ሲጀምር ይበዛል፣ ይወፍራል። ቤቱ ጠግቦ የሚታየው ያኔ ነው። ኮራሉ በዚያ ሁሉ ጠይም ቀለም ውስጥ እየተራበ ነበር።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ትርንጎ፣ ለቅሶ ላይ...»

«ሁመድ፣ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሦስት ነጥብ አንድ። ከቅዳሜ ጀምሮ።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ?»

«ሐዘንተኛ ነሽ» አለ። ከልቡ ነበር። እሱም የፈራው እኔ የፈራሁትን ነው።

ያን ዕለት መነሳት ነበረብኝ። መነሳት እንደነበረብኝ ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኜ ነበሩ፣ አንዲት የአባቴ እህት ልጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ነገ እያልኩ ዋልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሊያጥቡ ወደ ባህር የወረዱ ሴቶች እየሮጡ ተመለሱ። አንዷ ባልዲዋን ጥላ ነው የመጣችው። «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» ከማለት በቀር የምትለው አልነበራትም። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወጣ። እኔንም ሕዝቡ ተሸክሞ ወሰደኝ ማለት ይቻላል።

ኮራሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ያበራ ነበር። ውኃው ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት የተለኮሰበት ይመስል። ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊና ሮዝ ይፈናጠቅበታል። እንደዚያ ያለ ቀለም በሕይወቴ ያየሁት የሙሽራ መኪና ላይ ብቻ ነው። የሚያበራው ደግሞ አርባው ሜትር ነው፣ ከአርባው ሜትር አንዲት ክንድ አያልፍም። ግራና ቀኙ፣ ሸራ ሥር ያለው፣ እንደ ወትሮው ጠይም ሆኖ ተቀምጧል።

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ከዚያ ሁሉም ተቀበላቸው። «ሸራቸው የተነሳበት ቦታ ላይ! ልክ እዚያ ላይ!» ይላል ሰዉ። ጫማቸውን ያወለቁ ነበሩ። አንዱ ውኃውን ቀድቶ የልጁን ግንባር ቀባ። አቶ ደመላሽ እንባው እየወረደ ድንጋይ ላይ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ጋሽ አስፋቸው ሥራቸውን ከዚያም ሆነው አልተዉም» አለ። «እስከ አርባቸው ድረስ ይህን ቦታ ማንም እንዳይሸፍነው።»

ይህን መብራት ሰነዶቻችን ውስጥ በሥዕል አይቼዋለሁ። ደባሉ ሲወጣ ኮራሉ ራቁቱን ይቀራል። ፀሐዩ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ያን ጊዜ ከራሱ ሥጋ ቀለም አውጥቶ ለመከለል ይሞክራል። የምናየው ብርሃን እሱ ነበር። አራት መቶ ሰው ጫማውን አውልቆ የኮራሉን ጩኸት እያየ እልል ይላል። ግንባሩን የተቀባውን ልጅ ሳይ ወደ ፊት ወጣሁ።

«በረከት አይደለም» አልኩ። የሰማኝ የለም። እንደገና አልኩት፣ ሰዉ ዞረ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ደባሉ እየወጣ ነው። እየሞተ ነው። ሸራው ባይነሳ አይሆንም ነበር።» ከዚያ የቀረውንም ተናገርኩ። «አባዬ ሸራው እንዳይነሳ ብሎኝ ነበር። ለኔም ቢሆን እንዳይነሳ፣ ቃሉ ነው በያቸው ብሎኛል። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።»

እልልታው ቆመ። ማዕበሉ ካቡን ሲመታ ይሰማል።

አቶ ደመላሽ ከድንጋዩ ወረደ። «እኔ እኮ ጠየቅኩሽ» አለኝ። አልጮኸም። «አይቻልም ካልሽ ይቀራል አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«አፈርኩ» አልኩት።

ከዚያ ዞር ብሎ «ድንኳኑን ንቀሉ!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ ሮጡ። ገና ያልወጡ አሮጊቶች ከሥሩ ተቀምጠው እያሉ ነው የነቀሉት። አርባ ሜትር ሸራ ከምሰሶ ፈትቶ፣ አጥፎ፣ ተሸክሞ፣ በደረጃ አውርዶ፣ ውኃ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር ለማሰር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፀሐዩ ደግሞ ወደ አናታችን እየመጣ ነበር።

መጀመሪያ የገቡት እትዬ ዘነበች ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ዋና አይችሉም። ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው ጥቁር ነጠላቸውን ከራሳቸው አወለቁና በሁለት እጃቸው ኮራሉ ላይ ዘረጉት። ቀጥሎ ሌላ ሴት ገባች። ከዚያ ሁሉም ገባ። የሐዘን ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኮት፣ ጃንጥላ፣ የሕፃን ማዘያ ሳይቀር፣ አርባውን ሜትር ዳር እስከ ዳር ጥላ አለበሱት። ውኃው ለሰው እንኳ ይሞቃል። የደጋ ዘመዶቻችን ለምን እንደሚያደርጉት ሳያውቁ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከነጠላዎቹ ሥር፣ በሰዉ እግር መካከል፣ ወይን ጠጁ ብርሃን ማብራቱን አላቆመም። ክንዴ ሲዝል ሁመድ ከታች ደገፈልኝ። እንደዚያ ሆነን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምን።

ቅዳሜ ካርዴን ይዤ ወረድኩ። ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ቦታ ድረስ አንድ ነበር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ የታጠበ ሳህን። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ኮራል ከነጣ በኋላ ባህሩ ቶሎ ከበረደለት አዲስ ደባል ያስገባል ይባላል። አምስት ሳምንት ጠበቅን። ሴቶቹ በየተራ ለአባዬ ነፍስ ጸበል ይዘው እየመጡ ባህሩ ላይ ይረጩ ነበር፣ አልከለከልኳቸውም። ባህሩ አልበረደም። በስድስተኛው ሳምንት ነጩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተኛበት፣ ስነካው በጣቴ ፈረሰ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። በአርባው ሜትር ላይ ድንጋይ ተደፍቷል። ድንጋይ አያድግም፣ ቀዳዳም አይደፍንም። ከኋላው ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ቤት፣ የኔና የአባዬ ቤት ያለበት፣ ወለሉ ጨው ማውጣት ስለጀመረ ተለቀቀ። መካነ መቃብሩም እዚያው ነው። አባዬ ጋ ስሄድ ቦት ጫማ አደርጋለሁ።

በደንባችን ላይ አንደኛው አንቀጽ አሁን ተጽፏል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ለማንም ሸራ አይነሳም። ማንም ፊት ለፊት ወቅሶኝ አያውቅም። «ስንት አደረ?» ሲሉኝ እንደ ድሮው ነው። እትዬ ዘነበች ብቻ ባገኙኝ ቁጥር ቆም ብለው «አባትሽ ሌላ ያሉሽ ነገር የለም?» ይሉኝ ነበር። የለም እላለሁ። ዓይኔን ትንሽ ያዩና ይሄዳሉ። ሰዉ ግን ደንቡን ይጠብቃል። በሙቀቱ ወራት የሞተ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ይለቀስለታል፣ ላስቲኩም ቀርቷል። ፀሐዩን መቻል ለኛ መቀጫም መድኃኒትም መስሎን ነበር። ሸራው እስካልተነሳ ድረስ ግንቡ ይኖራል ብለን እናምናለን፤ አንድ የያዝነው ነገር ይህ ነው።

ትናንት እትዬ ዘነበች አረፉ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ወረድኩ። ሸራው ሥር ጨለምለም ይላል፣ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። አንደኛው ቦታ አምስት። ሁለተኛው አምስት። ሦስተኛው ስድስት። እዚያ ላይ ቆምኩ። አራተኛው ስድስት። በድንጋዩ ላይ ተሻግሬ ወደ አሥራ አራተኛው ስደርስ ካርዱን አላነሳሁትም። ጨለማው ውስጥ ሳለሁ ከኮራሉ በሚወጣው ብርሃን የገዛ እጄ ወይን ጠጅ ሆኖ ታየኝ።

ቀና ብዬ ሸራውን አየሁ። ስፌቱን በሙሉ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀዳዳ ፈለግኩ፣ የላላ ገመድ ፈለግኩ፣ አንድ ሰው ፈትቶ የመለሰው ቋጠሮ ፈለግኩ። ያን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ሁሉም እኔ ራሴ ግንቦት ላይ እንዳሰርኩት ነበር።

ምሰሶው ጋ ሁመድ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አልጠራልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር።

በአራት ሰዓት ቀብር ላይ ደረስኩ። ሦስት መቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ጃንጥላ የያዘ እንኳ የለም። ላባቸው እየወረደ፣ አንዳቸውም ጥላ ሳይፈልጉ፣ እኚያን ሴትዮ ይሸኛሉ። ይህን ጊዜ አላፈርኩም። ሰዉን ገፍቼ፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ፣ አቶ ደመላሽ ጋ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። ፊቴን ሲያይ ገባው።

«ኮራሉ አበራ?» አለኝ።

«አበራ።»

«የት ላይ ነው ሸራው የተነሳው?» አለ። ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረበት፣ ክንዴን መልሶ አጥብቆ ያዘኝ። «ማን ነው ያነሳው? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ እንመልሰዋለን። ማን ነው?»

እኔ ነኝ ማለት ብችል ደስ ባለኝ ነበር።

«አልተነሳም» አልኩት።